ሲኬ20 «ፖዘቲቭ» ስለሚለው የአባትሽ ውጤት

ወአለይኩም ሰላም እህቴ፣ አብሽሪ። ጥያቄሽን እንደተረዳሁት፣ የአባትሽ የትልቁ አንጀት ናሙና ካንሰር መሆኑ ተነግሯችኋል፣ ወረቀቱ ላይ «ሲኬ20 ፖዘቲቭ፣ ሲኬ7 ኔጋቲቭ» ይላል (ሲኬ ኬራቲን የሚባለው የሴል ፕሮቲን አጭር ስም ነው)፤ ተሰራጭቷል ማለት ነው ወይ፣ ደግሞስ የሴሉን አጽም የሚይዘው የካንሰር መድኃኒት፣ ታክሶል፣ ለምን አልታዘዘላቸውም ነው። ደሴ ፓቶሎጂ ላብራቶሪ ውስጥ ናሙና ስቆርጥ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ፤ ሐኪም ግን አይደለሁም።

ይቺ «ፖዘቲቭ» የምትባል ቃል ስንቱን ቤተሰብ በር ላይ አስለቅሳለች! እዚህ የምትናገረው ስለ መሰራጨት ሳይሆን ካንሰሩ ስለተነሳበት የትውልድ መንደር ነው። ሴል እንደ ጭቃ ቤት ቋሚና ማገር አለው። ኬራቲን ማገሩ ነው፤ እንጨቱም እንደየአገሩ ይለያያል። ትልቁ አንጀት በብዛት ኬራቲን 20 አለው፤ ሳንባና ጡት ኬራቲን 7። ካንሰር ሆኖ ጉበት ላይ ቢገኝ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ የአገሩን ማገር አይጥልም። ሲኬ20ን የሚያሳየውን ማቅለሚያ ጨምረን ስላይዱ ላይ ቡናማ ቀለም ሲወጣ «ይሄ ከአንጀት የመጣ ነው» የምንለው ለዚህ ነው። ደረጃውን የሚነግራችሁ ግን ሲቲ ስካኑ፣ ካንሰሩ የአንጀቱን ግድግዳ ዘልቆ የገባበት ጥልቀትና የንፍፊቶቹ ምርመራ ነው።

ታክሶል የሚይዘው ማገሩን ሳይሆን ማይክሮቱቡል የሚባሉትን ነው፤ እንደ ሸምበቆ ውስጣቸው ክፍት ነው። ሴሉ ለሁለት ሲከፈል ይፈርሳሉ፣ እንደገና ይሠራሉ፤ ታክሶል አድርቆ ያስቀራቸዋል። ለጡትና ለእንቁልጢ ካንሰር ጥሩ መድኃኒት ነው። የአንጀት ካንሰር ላይ ግን ተሞክሮ ብዙም አልጠቀመም፤ አንዱ ምክንያት የአንጀት ሴል መድኃኒቱን እየረጨ የሚያስወጣ ፓምፕ ስላለው ነው። መለያ የሆነ ፕሮቲን ሁሉ ዒላማ አይሆንም።

ስለ ሴፕቲን 9 የደም ምርመራ ያነሳሽው፣ አሜሪካ በ2016 እ.ኤ.አ. የፈቀደችው፣ የአንጀት ካንሰር ይኑረው አይኑረው ገና ላልታወቀ ሰው ነው። ለእሳቸው አያስፈልግም፤ ለእናንተ ለልጆቹ ደግሞ ኮሎኖስኮፒው ይበልጣል።

አደራ የምልሽ ብሎኩን ነው። ናሙናችሁ የተቀበረባት የሰም ቁራጭ፣ ከክብሪት ቀፎ የማትበልጥ። የኬራስና የማይክሮሳተላይት የሚባሉት የካንሰሩ የዘረመል ምርመራዎች የሚሠሩት ከእሷ ነው፤ የታለመ መድኃኒትና ኢሚውኖቴራፒ የሚወሰነውም በዚያ። አንድ ቤተሰብ አዲስ አበባ ሲወስድ ዳሽቦርድ ላይ አስቀምጦት ነበር። ደሴ ብርድ ነው ብሎ መሞኘት አይደል? የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ሰሙ ለስልሶ ተጣሟል። በጨርቅ ጠቅልላችሁ ቦርሳ ውስጥ፣ ከፀሐይ ራቅ አድርጋችሁ ያዙት።

ኦክሳሊፕላቲን የሚባለው የኬሞ መድኃኒት ከታዘዘላቸው ደግሞ ብርድ ሲነካቸው ጣታቸውን ይቆነጥጣቸዋል፣ ጉሮሯቸውም የተዘጋ ይመስላቸዋል። የሱብሒ ውዱእ ውሃ አሙቁላቸው፤ ጓንትም ይልበሱ።