አንዱን ቤት አስይዤ ሁለተኛ ልግዛ ወይ ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። የሚከራይ አንድ ቤት አለኝ፣ እሱን አስይዤ ልበደርና ሁለተኛ ልግዛ ወይ፣ ማስተዳደሩንስ ራሴ ልያዘው ወይስ ለሰው ልስጠው ነው ያልሽው። ከስድስት ዓመት በፊት እኔም እዚያው ነበርኩ። ዛሬ ሁለቱም ቤቶች በእጄ ናቸው፤ ግን ባለፈው ዓመት ሁለቱንም ላጣቸው ለጥቂት ነው የተረፍኩት። ስለ ቦታ መረጣው ሌሎች ስለጻፉልሽ አልደግመውም።

1ኛ፦ ወለዱ ስንት ነው ከማለትሽ በፊት መቼ ይቀየራል ብለሽ ጠይቂ። እኔን የጎዳኝ ይሄ ነው። ብድሩ የ30 ዓመት ነበር፣ ወለዱ 6 በመቶ። ኪራዩ ወርሃዊ ክፍያውን ሸፍኖ ትንሽ ይተርፈኝ ነበር። ደስ ብሎኝ ፈረምኩ። 6 በመቶው ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ብቻ እንደሆነ፣ ከዚያ ወዲያ ከገበያው ጋር እንደሚወጣና እንደሚወርድ ውሉ ላይ ተጽፏል። አንብቤዋለሁ። እስከዚያ ብዙውን ዕዳ እጨርሳለሁ ብዬ ነው ያለፍኩት።

እዚህ ጋ ልብ በይልኝ። እንዲህ ያለ ብድር ላይ አምስት ዓመት ሙሉ አንድም ወር ሳታጓድዪ ብትከፍዪ፣ ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 7 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከከፈልሽው ገንዘብ ከአምስት እጅ አራቱ ወለድ ነው። ወለድ የሚሰላው ገና ባልተከፈለው ዕዳ ላይ ስለሆነ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ክፍያውን ይውጠዋል። ወለዱ ወደ 8 በመቶ ሲወጣ ወርሃዊ ክፍያዬ 20 በመቶ ገደማ ዘለለ። ተከራይ ላይ ግን በአንድ ቀን 20 በመቶ አይጨመርም። ብትጨምሪም ይለቅብሻል።

ለነገሩ ሳልጨምርበትም በዚያው ሰሞን ለቀቀ። ቤቱ ሁለት ወር ባዶውን ዋለ። ሁለት ወር ማለት የዓመቱ ኪራይ አንድ ስድስተኛ ነው። እኔ ደግሞ ስገዛ ኪራዩን በ12 ወር አባዝቼ ነበር ያሰላሁት። አንቺ በ10 ወር አባዢው። በ10 ካላዋጣሽ አትግዢ።

ክፍያው እንዲራዘምልኝ ባንኩ ሄድኩ። ቀጠሮ ይዤ ሁለት ሰዓት ሙሉ አስቀመጡኝ። ስገባ የብድር ክፍሉ ሰውዬ ቀና ብሎም አላየኝ። ውሉን ገለጠና በእስክሪብቶው ጫፍ አንድ ቦታ ላይ ጠቅ ጠቅ እያደረገ፣ «ይህ ፊርማ የማን ነው?» አለኝ። አጠገቡ ሌሎች ሁለት ባለጉዳዮች ቁጭ ብለው ይሰማሉ። ፊርማው የኔ ነው፣ አልካድኩም። ግን አምስት ዓመት አንድ ቀን ሳያሳልፍ የከፈለ ሰው እንዲህ አይመለስም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሌላ ባንክ ሄጄ ቀሪውን ዕዳ በቋሚ ወለድ አዞርኩት። የድሮው ባንክ ያለጊዜው ዘጋህ ብሎ ቅጣት ቆረጠብኝ። እሱም ውሉ ላይ ነበረ! ስለዚህ ሁለት ነገር ሳትጠይቂ እንዳትፈርሚ፦ ቀድሜ ብከፍል ቅጣት አለው ወይ? ለሁለተኛው ቤት ክፍያ ባጓድል የመጀመሪያውንም ትወስዱብኛላችሁ ወይ? የመጀመሪያ ቤቴን 11 ዓመት ቆጥቤ ነው የገዛሁት። እሱም አብሮ እንደሚሄድ በደንብ የገባኝ ያን ቀን ነው።

2ኛ፦ መጠባበቂያ ያዢ፤ ቢያንስ የስድስት ወር የብድር ክፍያ፣ በሌላ ሂሳብ፣ የማትነኪው። ለእድሳት የሚሆነውንም ለብቻው አስቀምጪ። የመጀመሪያው ቤቴ ተከራይ አንድ ጊዜ ደውላ «ጋሼ፣ ከእቃ ማጠቢያው ስር ጠብ ጠብ ይላል» አለችኝ። እጄ ላይ ገንዘብ ስላልነበረ ሦስት ሳምንት አቆየሁት። ስሄድ የቁም ሳጥኑ ወለል አብጦ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል፣ የታችኛው ቤት ኮርኒስ ላይ ትሪ የሚያክል ቡናማ ክብ ወጥቷል። አንዲት የጎማ ቀለበት በመቀየር የሚያልቅ ነገር ኮርኒስ አስቀየረኝ። ያችን ልጅ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። አሁንም ተከራዬ ናት፣ አራተኛ ዓመቷ ነው። እሷ ስትደውል በነጋታው ባለሙያ እልካለሁ።

3ኛ፦ ለማስተዳደሩ፣ ቤቱ ቅርብሽ ከሆነ ራስሽ ያዢው። እኔ ለአንድ ዓመት ለሰው ሰጥቼ ነበር። ከኪራዩ በመቶኛ ይወስዳል፣ አዲስ ተከራይ ባስገባ ቁጥር ደግሞ ለብቻው ያስከፍላል። ተከራይ ቢቀያየር እሱ አይጎዳም፣ አንቺ ነሽ የምትጎጂው። የግድ ከሰጠሽም፣ ቤቱ ባዶ ሲሆን ይከፈልህ እንደሆነ ንገረኝ በዪው፣ ጽፎም ይስጥሽ።

ተከራይ ሲገባ እያንዳንዱን ክፍል አብራችሁ እየዞራችሁ ፎቶ አንሱ፣ ቆጣሪውን ጨምሮ። ሁለታችሁም ፈርሙበት። እኔ ይህን ከጀመርኩ ወዲህ በማስያዣ ገንዘብ ከማንም ጋር አልተጨቃጨቅኩም።

ባንኩ የውሉን ረቂቅ ሰጥቶሽ ከሆነ የወለዱን አንቀጽ ፎቶ አንሺውና ስምሽን ሸፍነሽ እዚሁ ለጥፊው። ማታ ማታ እገባለሁ፣ አየዋለሁ። እስከዚያ ግን እንዳትፈርሚ።