ጫማ ሰፊው ይመልሳል፦ እግር የሚያርፍበት ቆዳ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምጽፍልዎ ከጅማ፣ ኮቺ ሰፈር ነው። ጫማ ሥራ ጀማሪ ነኝ። ዙሪያውን በክር የሚሰፋ፣ ዌልት (ዙሪያውን የሚዞር ጠፍር) ያለው ጫማ በእጄ ልሠራ ፈልጌ ሂርማታ ገበያ ወፍራም የከብት ቆዳ አገኘሁ። የውስጥ ሶሉን ቆርጬ፣ ውሃ ውስጥ ነክሬ ፎርማው (ጫማ የሚሠራበት የእግር ቅርጽ) ላይ በምስማር መታሁት። ሲደርቅ ግን ጠርዙ ተነሣ፤ የፎርማውን ቅርጽ አልያዘም። ወስፌ ሳስገባበት ደግሞ ቀዳዳው ይለጠጥና ክሩ ይላላል። ጥፋቱ የት ላይ ነው? ማስቲሽ ባበዛበት ይስተካከል ይሆን?

መልስ፦ ማስቲሹን ተወው ልጄ፣ ጥፋቱ የቆዳው ነው። ከነገርከኝ ተነሥቼ ስገምት የገዛኸው በክሮም፣ ማለት በኬሚካል፣ የለፋ ነው። ጥጉን በስለት ቆርጠህ መሃሉን እየው፤ ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ግራጫ ካደላ ክሮም ነው። በዛፍ ቅርፊት የለፋ ቆዳ እስከ መሃሉ ድረስ ቡናማ ነው። ቀለም ነክረው ካታለሉህ፣ የጥፍር ያህል ቁራጭ የፈላ ውሃ ውስጥ ጣል፤ የቅርፊቱ ወዲያው ተኮማትሮ ይጠቀለላል፣ ሲደርቅም ክው ይላል። ክሮሙ ብዙም ሳይለወጥ ታወጣዋለህ።

ክሮም መጥፎ ቆዳ ነው ማለቴ አይደለም። ለቶማያ፣ ማለት ለጫማው ፊት፣ ደስ ይላል፤ ለስላሳ ነው፣ ቢታጠፍም ወደ ቦታው ይመለሳል። ለውስጥ ሶል የማይሆነው በዚሁ ጠባዩ ነው። የውስጥ ሶል በተቀረጸበት መቅረት አለበት፤ ረጥቦ ከፎርማው ጋር ተጣብቆ ከደረቀ በኋላ ሊመለስ አይገባም። ሲለበስም የሰውየው ተረከዝና ጣቶች ቀስ በቀስ ቦታቸውን ያበጁበታል። ይህን የሚያደርግልህ በቅርፊት የለፋው ነው።

ከከብቱ የትኛውን ክፍል? ትከሻውን። የጀርባው ቆዳ ጠጣርና ድፍን ስለሆነ ለታችኛው ሶል ይሻላል፤ የሆዱ ልል ነው፣ ይሳባል። ትከሻ መካከለኛ ነው፤ ቢላ ይቀበላል፣ ክርም ይይዛል። ውፍረቱ ከ4.5 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይሁን። ክር የሚይዘውን ጉብታ ከራሱ ከቆዳው ስለምትፈለቅቀው፣ 3 ሚሊ ብትገዛ ስትፈለቅቅ ምንም አይተርፍህም። የት ላግኝ ካልከኝ፣ ኮርቻና ቀበቶ የሚሠሩትን ጠይቅ። የጫማ ዕቃ የሚሸጡት በአብዛኛው የሚያመጡት ለጫማ ፊት የሚሆነውን ነው፤ ኮርቻ ሠሪ ግን ያለዚህ ቆዳ ሥራው አይሄድለትም። ቁርጥራጩን በርካሽ ይሰጡሃል፤ ለአንድ እግር የሚሆን ከተገኘበት ቁርጥራጭም ቢሆን ይበቃል።

አሁን ወደ ሥራው። ቆዳውን ከፎርማው ትንሽ አስፍተህ ቁረጥ። እግር የሚያርፍበትን ለስላሳውን ፊት በጠርሙስ ስባሪ ቀለል አድርገህ ፋቀው፤ ላዩ ያለው ስስ ሽፋን ካልተነሣ ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል፣ ላብም ቶሎ አይጠጣም። ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ንከረውና አረፋ መትፋቱን እስኪያቆም ተወው። አውጥተህ ወዲያው አትምታው! በፌስታል ጠቅልለህ አሳድረው። ጠዋት ስትፈታው ቀለሙ ወደ ደረቁ መመለስ ጀምሯል፤ ጉንጭህ ላይ ስታስጠጋው ግን አሁንም ይቀዘቅዝሃል። ያኔ ነው ሰዓቱ። ውሃ የሚያንጠባጥብ ቆዳ ቢላ ሥር ይንሸራተታል፤ የደረቀ ደግሞ ይሰበራል።

የተፋቀውን ፊት ወደ ፎርማው አዙረህ በሦስት ምስማር ያዘው፤ ጣት ላይ፣ ወገቡ ላይ፣ ተረከዝ ላይ። በምስማሮቹ ዙሪያ ጥቁር ነጥብ ብታይ አትደንግጥ፤ ቆዳውን ያለፋው፣ በቅርፊቱ ውስጥ ያለው ታኒን የሚባል ነገር እርጥብ ሳለ ብረት ሲነካው ይጠቁራል። ካላማዳሪያ በረጅሙ ቀደህ ከጣት እስከ ተረከዝ ሳብ እያደረግህ ጠቅልልበት። የፎርማው የሆድ ጎድጓዳ ላይ ቆዳው ሙሉ በሙሉ መግባቱን በአውራ ጣትህ እየተጫንህ አረጋግጥ፤ ብዙ ሰው የሚያልፈው ይህን ነው፣ ኋላ ላይ ለባሹ የእግሬ መሃል ባዶ ሆነብኝ ይላል። ከዚያ ጥላ ቦታ አስቀምጠው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የእኛ የጅማ አየር እንዲህ በዋዛ ቆዳ አያደርቅም፤ ችኮላ አይሠራም። በመዶሻ እጀታ ነካ ስታደርገው ድምፁ ደረቅ ሲሆን ፍታው።

ከደረቀ በኋላ በፎርማው ጠርዝ ልክ ከርክመው። ከጠርዙ 5 ሚሊ ገባ ብለህ በእርሳስ አንድ መስመር አዙር፤ ከእሱ 6 ሚሊ ገባ ብለህ ሌላ። መስመሮቹ ከተረከዙ ፊት ተነሥተው በጣት ዞረው እስከ ሌላው ጎን ድረስ ነው፤ ተረከዙ ሌላ አያያዝ አለው። በውጭኛው መስመር ላይ ቢላውን ቀጥ አድርገህ 2 ሚሊ ያህል አስገባ፤ ከዚያ ከጎን በአግድም ገብተህ ያንን ቁራጭ አንሣው። ዙሪያው ደረጃ ይሆንልሃል። በውስጠኛው መስመር ላይ ደግሞ ቢላውን አዘንብለህ ቦይ ክፈት። በሁለቱ መካከል የቀረው ጉብታ ነው እንግዲህ ጫማውን ሁሉ የሚሸከመው። ቶማያው፣ ፎደራው (የውስጥ ገበሩ) እና ዌልቱ አንድ ላይ የሚሰፉት በእሱ ላይ ነው።

ቀዳዳዎቹን በቆልማማ ወስፌ ብሳ። ከቦዩ በኩል ገብቶ በደረጃው ጥግ ላይ ይውጣ፤ በየ7 ወይም 8 ሚሊ አንድ። ጣት ላይ ስትደርስ ከውስጥ በኩል አቀራርብ፣ ከውጭ እንዲራራቁ፤ አለዚያ ማዞሪያው ላይ ጉብታው ይቀደዳል። ወስፌው ወደ እግር በኩል ሾልኮ ከታየ በጣም ጠልቀሃል ማለት ነው። በየመሃሉ ቢላህን ሳል። የዶለዶመ ቢላ ቆዳውን አይቆርጠውም፣ ይጎትተዋል፤ ጉብታው አንድ ጊዜ ከላላ ደግሞ መመለሻ የለውም። ክሩን በንብ ሰምና በጥድ ሙጫ ደህና አድርገህ እሸው። ሰም በእኛ አገር የሚቸግር ነገር አይደለም፤ ማር ሻጮቹ ጋ ጎራ በል።

ይህ ሁሉ ድካም ለማይታይ ነገር ነው ወይ ትል ይሆናል። የታችኛው ሶል ሲያልቅ ዌልቱን ሳትነካ ትቀይረዋለህ፣ ደግመህም ትቀይረዋለህ። ታኮም እንደዚሁ። የውስጥ ሶል ለመቀየር ግን ጫማውን ሙሉ በሙሉ መፍታት አለብህ። ስለዚህ ገንዘብ ካጠረህ ከታች ቆጥብ፤ የበርባሶ ጎማ ብትለጥፍበትም አልቀየምህም። የዘመኑ ሰው ግን ገንዘቡን የሚያፈሰው ፊቱ ላይ ነው። ላዩ ያብረቀርቃል፣ ውስጡን ለቄስ፤ ገለጥ ስታደርገው ካርቶን ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ መምህር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ይውላል። የቆዳ ጫማው ውስጡ ጠቁሯል፣ ይሸታል፣ ጣቱ ጋ ተሰንጥቋል። ዝናብ ሲመታው ማታ ከሰል ምድጃ አጠገብ አደርቀዋለሁ። ክረምት ላይ ደግሞ ነጭ ሻጋታ ያወጣል። ምን ላድርግ? (ከሰቃ)

መልስ፦ እመቤቴ፣ ስንጥቁን ያመጣው የከሰሉ ምድጃ ነው። በቅርፊት የለፋ ቆዳ እርጥብ ሳለ ሙቀቱ ወደ 70 ወይም 80 ዲግሪ ሲደርስ መኮማተር ይጀምራል፤ ፍም አጠገብ ደግሞ ይህ ሙቀት ቶሎ ይገኛል። ከዚያ በታች ቢሆንም እንኳ ቶሎ ቶሎ ሲደርቅ ይገረጣል፣ ይሰበራል። ጋዜጣ ጠቅጥቀውበት ንፋስ ባለበት ጥላ ውስጥ በጎኑ ያስተኙት፤ ጋዜጣው ሲረጥብ ይቀይሩለት። በጎኑ ያልኩት ሶሉም እንዲተነፍስ ነው።

ለሽታው ከሁሉም የሚበልጠው እረፍት ነው። አንድ ጫማ በተከታታይ ቀን ሲለበስ የትናንቱ ላብ ሳይደርቅ የዛሬው ይጨመርበታል። ሁለት ጫማ ካላቸው እያፈራረቁ ያድርጉ፤ የሁለቱም ዕድሜ ይረዝማል። በውስጡ የተለጠፈ የፕላስቲክ ወይም የስፖንጅ ምንጣፍ ካለ አውጥተው ይጣሉት። ከሥሩ ያለው ቆዳ ላብ የሚጠጣው ካልሸፈኑት ነው።

ሻጋታውን ከቤት ውጭ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት፤ ከዚያ አቼቶና ውሃ እኩል ቀላቅለው በጨርቅ አስነክተው ያብሱና ያድርቁት። ከክረምት በፊት ጫማ በፌስታል ውስጥ ቋጥረው ቁምሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ ይቅር። እኔ በዚህ ከተማ የማያቸው የሻገቱ ጫማዎች አብዛኞቹ ባለቤቶቻቸው በጥንቃቄ የጠቀለሏቸው ናቸው።

ጥያቄ፦ ከውጭ ዘመድ ያመጣልኝ ጥሩ ጫማ አለኝ፤ ጉድይር ዌልት ነው ብሎኛል። አሁን ዌልቱ ከጣቱ በኩል ተላቀቀ። አንድ ጠጋኝ ማስቲሽ አድርጎበት ነበር፤ ዝናብ ሲነካው እንደገና ተከፈተ። ተስፋ አለው? (ከፈረንጅ አራዳ፣ ጅማ)

መልስ፦ አለው፣ ግን ውስጡን ማየት ያስፈልጋል። ይህን አሠራር በማሽን ያስጀመረው የጎማው ሰው የቻርለስ ጉድይር ልጅ ነው፤ ስሙም ከአባቱ ጋር አንድ ነው። የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1871 ነው። ዛሬ ብዙ ፋብሪካዎች ከላይ ለወጣቱ የነገርኩትን ጉብታ ከቆዳው አይፈለቅቁም፤ የሸራ ጥብጣብ አቁመው በማጣበቂያ ይለጥፉታል፣ ማሽኑ የሚሰፋው ያንን ነው። ማጣበቂያው ሲያረጅ ወይም ውሃ ሲበላው ሸራው ይነሣል፤ ዌልቱ ይከተለዋል። ጠጋኙ ያጣበቀው ከውጭ ዌልቱን ከሆነ፣ የለቀቀው ነገር ከውስጥ ስለሆነ አልደረሰበትም።

የተነሣው ጥቂት ጣት ያህል ብቻ ከሆነ የታችኛውን ሶል አንሥቶ ሸራውን እንደገና ለጥፎ በእጅ መስፋት ይቻላል። ዙሪያውን ከሄደ ግን በወፍራም ቆዳ አዲስ የውስጥ ሶል ሠርቶ በእጅ መስፋት ነው፤ ለዚያም ለጫማው ልክ የሆነ ፎርማ ያስፈልጋል። ፎርማ የሌለው ሰው ልሥራልህ ቢል አትስጠው፤ ቅርጹ ይበላሻል። የበርጩማ ጠራቢዎቻችን ጥሩ እጅ አላቸው፣ ልክ ከሰጠሃቸው ይጠርቡልሃል፤ እንጨቱ ግን ከዋንዛ የጠነከረ ይሁን፣ ዋንዛ ምስማር ሲደጋገምበት የሚቆይልህ አይመስለኝም። ለዚህ ሁሉ የምታወጣው ገንዘብ የሚያዋጣው ቶማያው ካልተሰነጠቀ ብቻ ነው። ጣቶቹ የሚታጠፉበት ቦታ ላይ አየት አድርግ።

ጥያቄ፦ ጫማዬ ሰፍቶኛል። ከፍየል ቆዳ ተነቃይ ምንጣፍ ብሠራበት ይሆናል? (ከአጋሮ)

መልስ፦ ይሆናል። በቅርፊት የለፋ፣ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ የሆነ ይበቃሃል። መጀመሪያ በወፍራም ወረቀት ቁረጥና ጫማው ውስጥ ሞክረው፤ ጠርዙ ላይ ከተጣጠፈ አሳንስ። ፎደራው ላይ እንዳይፋተግ የቆዳውን ዙሪያ ከሥር በኩል በቢላ አሳሳው። ማስቲሽ አታስነካው፣ በየማታው አውጥተህ እንድታናፍሰው። የሚሰፋህ ተረከዙ ላይ ብቻ ከሆነ ግማሽ ምንጣፍ ሥራ፤ ሙሉውን ካነጠፍህ ጣቶችህ ይጨናነቃሉ።