ሞቆ የሚቆም አሮጌ ቫኪዩም፦ ይጠገን፣ ይጠቅለል ወይስ ሞተሩ ይቀየር?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ሃያ ዓመት ገደማ ያገለገለ፣ ባለ ከረጢት፣ 1400 ዋት ቫኪዩም ክሊነር አለ። ከሁለት ዓመት በፊት ካርቦኑ (ወደሚዞረው የሞተሩ ክፍል ከረንት የሚያስተላልፈው ብሩሽ) ተቀይሯል፤ ያን ጊዜ የሞተሩ ፊልተር ስላልተገኘ ጠጋኙ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ቆርጦ በቦታው አስገብቷል። አሁን መሳቡ ደክሟል፤ ድምፁ ቀጥኖ ይጮኻል፤ ከኋላ በአየር ማውጫው በኩል ብልጭታ ይታያል፤ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። አሥር ደቂቃ ሠርቶ ቀጥ ይላል፤ ግማሽ ሰዓት ሲያርፍ ተመልሶ ይነሣል። አንድ ባለሙያ “ሞተሩ ይጠቅለል” አለ፤ ሌላው “አሮጌ ነው፣ ይጣል” አለ።

በሁለቱም አልስማማም። ጥቅልሉ የተቃጠለ ሞተር አርፎ አይነሣም። አርፎ የሚነሣው በሙቀት መቁረጫው የቆመ ነው፤ ይህች ትንሽ ዕቃ ሞተሩ ሲግል መስመሩን ትቆርጣለች፣ ሲበርድ ትመልሳለች። የቀጠነ ጩኸትና የደከመ መሳብ አንድ ላይ ከመጡ የአየሩ መንገድ ተደፍኗል። ብልጭታውን የምጠረጥረው ያኔ በገባው ካርቦን ነው። ግምቴ ይኸው፦ ስፖንጁ አየሩን አፍኗል፣ የማይገጥም ካርቦን ኮሙቴተሩን (ካርቦኑ የሚነካውን፣ ከመዳብ ቁርጥራጮች የተሠራውን ቀለበት) እየበላ ነው፣ ኩሽኔታዎቹም በዕድሜና በሙቀት ደርቀዋል። እንዲህ ከሆነ ማሽንዎ ይጠገናል። ፍርዱን የሚገለብጠው አርማቸሩ፣ ማለትም የሚዞረው የሞተሩ ክፍል ከነጥቅልሉ፣ ነው፤ እሱን የሚመረምሩበትን መንገድ ከታች ያገኙታል።

ካቻቢቴ ከማንሣትዎ በፊት ስፒናውን ከሶኬት ነቅለው በዓይንዎ ፊት ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡት። ማብሪያውን ማጥፋት አይበቃም። የእኛ ሶኬት ስፒናውን በሁለቱም በኩል ይቀበላል፤ የቫኪዩም ማብሪያ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚቆርጠው አንዱን ሽቦ ብቻ ነው። ስፒናው ተገልብጦ ከገባ ማሽኑ ጠፍቶም ፌዙ እስከ ካርቦኑ ድረስ ይደርሳል። ሌላ ሰው ቤት ውስጥ ካለ “እዚህ ምን ተነቀለ” ብሎ እንዳይሰካው ይንገሩት።

ስለ ድምፁ ረዘም አድርጌ ላስረዳ፤ ይህን ያልያዘ ጠጋኝ ሁልጊዜ የተሳሳተ ቦታ ይፈታልና። ብዙ ሰው ቫኪዩም ሲጮኽ “ጭነት በዝቶበት ነው” ይላል። ነገሩ ግልባጩ ነው። ፋኑን የሚያደክመው በውስጡ የሚያልፈው አየር ነው። ቱቦው ወይም ፊልተሩ ሲደፈን የሚያልፍ አየር ይጠፋል፤ ፋኑ እዚያው የቀረውን ስስ አየር ይዞ በቀላሉ ይሽከረከራል። የውኃ ፓምፕ ሞተር ፍጥነቱን የሚወስንለት የመብራቱ 50 ኸርዝ ነው፤ ከ3000 ዙር በደቂቃ አያልፍም። የቫኪዩም ሞተር ግን አርማቸሩና ዙሪያውን የቆመው ጥቅልል (ፊልድ) በአንድ መስመር ተከታትለው የተያያዙበት ነው፤ እንዲህ ያለው ሞተር የራሱ የፍጥነት ልክ የለውም፣ ጭነቱ በቀለለ ቁጥር ይፈጥናል። በሥራ ላይ ሃያና ሠላሳ ሺህ ዙር የሚዞረው ሲደፈን ከዚያም ይወጣል፤ የቀጠነው ድምፅ ይኸው ነው። ሲፈጥን በውስጡ የሚፈጥረው ተቃራኒ ቮልቴጅ ይጨምርና ከመስመሩ የሚስበው ከረንት ይወርዳል። ከረንት የሚለካ ክላምፕ ሜትር ካለዎት 1400 ለ220 ሲካፈል 6.4 አምፔር ነውና ከዚያ አካባቢ ይነሡ፤ መዳፍዎን አፉ ላይ ሲደፍኑ ቁጥሩ ዝቅ ሲል ያያሉ። ታዲያ ከረንቱ ቀንሶ ለምን ሞቀ? በዚህ ዓይነት የደረቅ ቆሻሻ ቫኪዩም ሞተሩን የሚያበርደው ያው ምንጣፉን የጠረገው አየር ስለሆነ ነው። አየሩ ከረጢቱንና ፊልተሩን አልፎ ወደ ፋኑ ይገባል፣ ከፋኑ ወጥቶ በጥቅልሉ፣ በኮሙቴተሩና በካርቦኑ ላይ እየነፈሰ ከኋላ ይወጣል። መንገዱ ሲዘጋ የሚፈጠረው ሙቀት ትንሽ ቢቀንስም የሚያወጣው የለም። በዚያ ላይ ፍጥነቱ ካርቦኑንና ኩሽኔታውን ይፈጫል። ሞተሩን የሚያስጠቅልሉት ሰዎች አዲስ ሽቦ ከፍለው ያንኑ ሙቀት ይመልሱበታል፤ ያለቅሳሉም።

እንግዲህ ከአየሩ መንገድ ይጀምሩ። ቱቦውን ከማሽኑ ነቅለው ባለ አንድ ብር ሳንቲም ከላይ ይልቀቁበት፤ በሌላው ጫፍ መውደቅ አለበት። ካልወደቀ አብዛኛውን ጊዜ እጀታው ዘንድ ያለው ክርን ውስጥ ነው የተያዘው። በዓል ያለፈበት ቤት ከሆነ ቄጠማ ይፈልጉ። ቄጠማ በቁመቱ ገብቶ ክርኑ ላይ ይተኛል፣ ፀጉርና ክር ይይዛል፣ በላዩ አቧራው እንደ ብርድ ልብስ ይነጠፋል። በመጥረጊያ እንጨት ወደ ውስጥ አይግፉት፤ ከሰፊው ጫፍ በኩል በታጠፈ ሽቦ ይሳቡት፣ የሽቦውን ጫፍ ግን ቱቦውን እንዳይበሳ ይቀልብሱት።

ከዚያ ያንን ስፖንጅ አውጥተው ይጣሉት። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ለአየር ማጣሪያ የተሠራ አይደለም፤ አየር በደንብ አያሳልፍም፤ ያሳለፈው ቦታ ደግሞ ደቃቁን አቧራ ሳያጣራ ይለቃል። በቦታው የሚገባው እስከ ዳር የሚሞላ፣ ወደ ብርሃን ሲያዩት ብርሃን የሚያሳይ፣ በአፍ ሲነፉበት የማይከብድ የፊልተር ጨርቅ ነው። መለዋወጫ ሻጮች በሉህ ይሸጡታል። ከረጢቱም ከወፍራም አቡጀዲ ተሰፍቶ ከሆነ ያው ችግር ነው፤ እንደ ፊት ማስክ ያለ ያልተሸመነ ጨርቅ በሁለት ድርብ ቢሰፋ ይሻላል። የከሰል አመድ በዚህ ማሽን አይጠረግ። የቡና ምድጃ አመድ ከረጢቱን ሰንጥቆ የሚያልፍ ደቃቅ ነው፣ ኩሽኔታውን ይሞርዳል፤ ውስጡ ፍም ከቀረበትማ ከረጢቱ ይነዳል።

ወደ ሞተሩ ሲገቡ እያንዳንዱን ሽቦ በስልክዎ ፎቶ ያንሡ። ስፒናው መነቀሉን እንደገና ይመልከቱ። ማብሪያው ጋ ትንሽ ኮንደንሰር (ኤሌክትሪክ የምታጠራቅም ዕቃ) ካለች ሁለቱን እግሮች በተሸፈነ ካቻቢቴ አገናኝተው ያራግፏት። ከዚያ ካርቦኖቹን ያውጡ። እንደምጠብቀው ከሆነ አንዱ ጎኑ በሞረድ የተሞረደ፣ ምናልባትም ከድሪል የተወሰደ ሆኖ ያገኙታል። ይህ ጥገና አይባልም! በእጅ የተሞረደ ካርቦን በቤቱ ውስጥ ይወዛወዛል፤ በተወዛወዘ ቁጥር ከኮሙቴተሩ ይላቀቃል፣ በተላቀቀ ቁጥር ብልጭ ይላል። ካርቦን በቤቱ ውስጥ በራሱ ክብደት መንሸራተት አለበት፣ ክፍተቱ ግን ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊ ሜትር አይለፍ። ውፍረትና ስፋቱን በካሊፐር ለክተው የማሽኑን ሞዴል ይዘው ይግዙ። በገበያው ውስጥ የሚርመሰመሰውን፣ ከሞላው በቀር የመዳብ ጅራት የሌለውን ርካሽ ካርቦን አይውሰዱ። ጅራት ከሌለው 6 አምፔሩ በሞላው ውስጥ ያልፋል፤ ሞላው ይግላል፣ ይላላል፣ ካርቦኑን መጫን ያቆማል፣ ቤቱም ይቀልጣል። ርዝመቱ ከ10 ሚሊ ሜትር በታች የደረሰ ካርቦን ይቀየራል፤ ሁለቱም አብረው ይቀየራሉ።

አሁን ፍርዱ ያለበት ቦታ ላይ ደረስን። ኮሙቴተሩን በደንብ ብርሃን አብርተው እያዞሩ ይዩ። ዙሪያውን እኩል የሆነ የቸኮሌት ቀለም ጤና ነው፤ አይጥረጉት። ጥቁር ግን ለስላሳ ከሆነ 400 ቁጥር፣ ቀጥሎ 600 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በቀስታ ይበቃዋል። የብረት ሱፍና ጥቁር የብረት መሞረጃ ሸራ አይንኩት፤ ብናኙ በመዳቦቹ መካከል ገብቶ ያገናኛቸዋል። መካከሉ ያሉትን ቦዮች በሹል እንጨት ጠርገው በብሩሽ ያራግፉ። ሁለት ሦስት መዳቦች ብቻ ጠርዛቸው ተበልቶ፣ የቀሩት ንጹሕ ከሆኑ ያሥጋል፤ እዚያ ላይ የተያያዘው ጥቅልል ተቆርጦ ሊሆን ይችላል።

ቴስተሩን በትንሹ የኦም መለኪያ ያድርጉና አንዱን መዳብ ከጎረቤቱ ጋር፣ ዙሪያውን ሁሉንም ይለኩ። ቁጥሩ ስንት እንደሆነ አያስጨንቅዎ፤ ዙሪያውን ተመሳሳይ ይሁን። አንድ ቦታ ላይ ዘልሎ ከፍ ካለ ሽቦ ተቆርጧል፣ ወደ ዜሮ ከወረደ ተገናኝቷል። ቀጥሎ ከመዳቦቹ ወደ ዘንጉ ይለኩ፤ ምንም ማሳየት የለበትም። 500 ቮልት የሚሰጥ ሜገር (የኢንሱሌሽን መለኪያ) የሚያውስ ካገኙ ከ2 ሜጋኦም በታች ያለውን አይቀበሉ። የፊልዱን ሁለት ጥቅልሎችም እርስ በርስ ያነጻጽሩ፤ እኩል መሆን አለባቸው። እነዚህ ካለፉ ሞተርዎ ደኅና ነው፤ “ይጠቅለል” ያለዎትን ሰው በሰላም ያሰናብቱት።

ካላለፉ፣ ሙሉ ሞተር ይቀይሩ እንጂ አርማቸር አያስጠቅልሉ። የፓምፕና የወፍጮ ሞተር በእጅ ጠቅልለው በደንብ የሚያሠሩ ጎበዞች አሉን። የቫኪዩም አርማቸር ግን በሠላሳ ሺህ ዙር የሚዞር ነው፤ ከተጠቀለለ በኋላ ሚዛኑ በማሽን ተለክቶ ካልተስተካከለና ቫርኒሹ እስከ ውስጥ ገብቶ ካልደረቀ በወራት ውስጥ ኩሽኔታውን ይበላል ወይም ሽቦውን ይተፋል። ሞተር ሲገዙ የአሮጌውን ጠቅላላ ቁመት፣ የፋኑን ቤት ዲያሜትርና ቁመት በሚሊ ሜትር ይዘው ይሂዱ፤ ሳህኑ ላይ 220–240 ቮልት የሚል መሆኑን ያንብቡ። ከአሜሪካ ከመጣ ማሽን የወጣ የ120 ቮልት ሞተር ልክ ሊገጥም ይችላል፤ ሲሰኩት ግን ይቃጠላል። “2000 ዋቱ ይሻላል” ብለው አይደለሉ። እሱ 9 አምፔር ይስባል፤ ማብሪያዎ፣ የሽቦ መጠቅለያው መንሸራተቻና ገመዱ ለ6.4 አምፔር የተሠሩ ናቸው። ዋት ደግሞ መሳብ ማለት አይደለም፦ የአውሮፓ ኅብረት ከ2017 ጀምሮ ለገበያው ከ900 ዋት በላይ የሆነ የቤት ቫኪዩም ከልክሏል፣ ቤቶቻቸው ግን ይጸዳሉ።

ኩሽኔታዎቹን፣ ሞተሩ ከተፈታ አይቀር፣ አብረው ይቀይሩ። የፋኑ ቤት ዙሪያውን ተጣጥፎ የተያያዘ ቆርቆሮ ነው፤ ቦታውን ምልክት አድርገው ጥቂት በጥቂት ዙሪያውን ይፈልቅቁ። የፋኑ ዳዶ በአንዳንዱ ሞተር በግልባጭ የሚፈታ ነው፤ ከማስገደድዎ በፊት የጥርሱን አቅጣጫ ይዩ። አርማቸሩን የሚይዙት በብረቱ አካል ላይ በቆዳ ጠቅልለው ነው፤ ኮሙቴተሩን በፒንሳ ወይም በሞርሳ የያዘ ሰው ሞተሩን ገደለው። የኩሽኔታው ቁጥር ክዳኑ ላይ ተጽፏል፤ ብዙ ጊዜ 608 ወይም 627 ይሆናል፣ ሁለቱም በውጭ 22 ሚሊ ሜትር፣ በውስጥ 8 እና 7 ናቸው። የብረት ክዳን ያለውን፣ ዜድዜድ የተጻፈበትን ይውሰዱ። የጎማ ክዳን የሚሽከረከረውን የውስጥ ቀለበት ስለሚነካ የፍጥነት ልኩ ያንሳል፣ ይሞቃል። ለሮለር ስኬት የሚሸጠው ርካሽ 608 መጠኑ አንድ ቢሆንም በዚህ ፍጥነት ግራሶውን ይተፋል። ዘንጉ ላይ ሲያስገቡ በውስጠኛው ቀለበት ላይ ብቻ ይጫኑ፤ በውጨኛው ከመቱት ኳሶቹ አሻራ ትተው ከመጀመሪያው ቀን ያንጫርራል። የውጨኛው ቀለበት በቤቱ ውስጥ ላልቶ የሚዞር ከሆነ፣ ሙጫ አይቀቡ፤ ያኔም መልሱ ሙሉ ሞተር ነው።

ሲገጥሙ ሞተሩን በጠረጴዛ ላይ ያለ ፋን በጭራሽ አያስነሡት፤ ጭነት የለውምና ፍጥነቱ ወደ ላይ ይሸሻል፣ ጥቅልሉ ሊበተን ይችላል። ፋኑና ቤቱ ታስረው፣ ሽቦዎቹ በናስትሮ ተሸፍነው፣ ከ1000 ዋት የኤሌክትሪክ ምድጃ ጋር ተከታትሎ ተያይዞ ሩብ ሰዓት በዝግታ ይዙር። አዲሶቹ ካርቦኖች በኮሙቴተሩ ክብ ልክ የሚቀመጡት እንዲህ ነው። በማግስቱ ከመዝጋትዎ በፊት ስፒናውን ነቅለው ካርቦኖቹን አንድ ጊዜ ያውጡ፤ ፊታቸው ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው ከተወለወለ ይበቃል።

ማሽኑን ዘግተው፣ ገመዱን ሙሉ ስበው፣ ሃያ ደቂቃ ምንጣፍ ላይ ያሠሩት። ከኋላ የሚወጣው አየር ለብ ያለ፣ እጅ ላይ የማይበረታ መሆን አለበት። ይህ ሁሉ ተሠርቶ አሁንም አሥር ደቂቃ ላይ ከቆመ፣ የቀረው ሙቀት መቁረጫዋ ራሷ መድከሟ ነው። በላይዋ የተጻፈውን ዲግሪና አምፔር አይተው በተመሳሳይ ይለውጧት፤ “ዳይሬክት እናድርጋት” የሚልዎትን አይስሙ።