«በምን መጣሽ?» አላሉሽም

ጥያቄ፦ ደሴ ነው የምኖረው። በጋርመንት ኢንጂነሪንግ ተመርቄ ሥራ እየፈለግኩ ነው። በቅርቡ ኮምቦልቻ ያለ አንድ ፋብሪካ ለኢንተርቪው ጠርቶኝ ነበር። ስለ መመረቂያ ፕሮጀክቴ ስናወራ «ሃው ዲድ ዩ ካም አፕ ዊዝ ዚስ?» አሉኝ። በምን እንደመጣሁ የጠየቁኝ መስሎኝ «ከደሴ በሚኒባስ» ብዬ መለስኩ። ሳቁ። ከዚያ በኋላ ደንግጬ የማውቀውን ሁሉ ረሳሁት። አሁን ጓደኛዬ 1,000 ፍሬዛል ቨርብ ያለበት ፒዲኤፍ በቴሌግራም ልካልኛለች። እሱን ልሸምድድ ወይስ ኮርስ ልመዝገብ? ገና ያላስገባሁት የማመልከቻ ደብዳቤም አያይዣለሁ፤ ይዩልኝ።

ምላሽ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ አብሽሪ። መልስሽ ያስቃል እንጂ አያሳፍርም። ለነገሩ በመንገዱም ቢሆን አያስኬድም፤ ከደሴ ኮምቦልቻ በሐረጎ ቁልቁል ነው የሚወረደው፣ «አፕ» የሚባል ነገር የለውም።

የጠየቁሽ «ይህን ሐሳብ እንዴት አገኘሽው?» ብለው ነው። «ካም አፕ ዊዝ» ፍሬዛል ቨርብ ነው፤ ግስ ከትንሽ ቃል ጋር ተጣምሮ አዲስ ትርጉም ሲይዝ እንዲህ ይባላል። በፕሮጀክትሽ ተደንቀው ይሆናል። ሰው ለማይረባ ሥራ «እንዴት አሰብሽው?» ብሎ አይጠይቅም።

ፒዲኤፉን ግን አትሸምድጂው። እንዲህ ያለ ዝርዝር ብዙ ጊዜ በፊደል ቅደም ተከተል ነው የሚዘጋጀው። «ጌት» ላይ ስትደርሺ «ጌት አፕ»፣ «ጌት ኦን»፣ «ጌት ኦፍ»፣ «ጌት ኦቨር»፣ «ጌት ባይ» እያለ ገጹን ይሞላዋል። ማታ ታነቢዋለሽ፣ ጠዋት ሁሉም ተደበላልቆ ይጠብቅሻል። የሚመሳሰሉ ቃላትን በአንድ ቀን ጎን ለጎን መያዝ ለመርሳት ይመቻል እንጂ ለሌላ አይረዳም።

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የተማርሽው በእንግሊዝኛ ነው። ያ እንግሊዝኛ የመጽሐፍ ነው። ስብሰባ ማራዘምን «ፖስትፖን»፣ መመርመርን «ኢንቬስቲጌት»፣ አለመቀበልን «ሪጀክት» ትያለሽ። እነዚህ ትክክል ናቸው፣ ማንም ይረዳሻል። ችግሩ የሚመጣው ሰውየው መልሶ «ፑት ኦፍ»፣ «ሉክ ኢንቱ»፣ «ተርን ዳውን» ሲልሽ ነው። ስለዚህ ፍሬዛል ቨርቦችን በመጀመሪያ ለመስማት ተማሪያቸው። ለመናገር ጥቂቶቹ ይበቁሻል፣ የቀረውን በመጽሐፍ እንግሊዝኛሽ መሸፈን ትችያለሽ። ብዙ ሥራ ፈላጊዎች ይህን ገልብጠው ያደርጉታል። ኢንተርቪው ላይ ለማሳመር ሲሉ የማያውቁትን ይወረውራሉ፣ የተወረወረላቸውን ግን አይቀልቡም።

ነገሩ ለአማርኛ ተናጋሪ ባዕድ አይደለም። አማርኛ የሚማር የውጭ ሰው «ልጁ ቁጭ አለ» ሲባል ሰምቶ «ምን አለ?» ብሎ ቢጠይቅ አትፍረጂበት። «አለ» ማለት ተናገረ ማለት ነው ተብሎ ተምሯል። ብድግ አለ፣ ቀና አለ፣ ዝም አለ፤ አንዱም ላይ ንግግር የለም። ዝም ያለማ ጭራሽ አልተናገረም። እኛ ሁለቱን ቃላት እንደ አንድ ስለምንሰማቸው አይገርመንም። «ካም አፕ ዊዝ»ንም እንደዚያው በአንድ ትንፋሽ ያዢው። «ካም» መምጣት፣ «አፕ» ላይ፣ «ዊዝ» ከ... ጋር እያልሽ ከበታተንሽው ሚኒባስ ውስጥ ነው የሚያስገባሽ።

ታዲያ የትኞቹን? ወደፊት የምትሠሪበትን አንድ ሺፍት ከመግቢያ እስከ መውጫ በሐሳብሽ ሂጂበት። ከየደረጃው አንድ አንድ ለቅመሽ ስለ ራስሽ ሥራ ዓረፍተ ነገር ሥሪ።

ጠዋት በር ላይ ሰዓት ታስመዘግቢያለሽ፤ «ክሎክ ኢን» ነው። ከሌሊቱ ሺፍት ሥራውን ትረከቢያለሽ፤ «ቴክ ኦቨር»። አዲስ ትዕዛዝ ካለ ላይኑን፣ ማለትም የስፌት መስመሩን፣ ታዘጋጃለሽ፤ «ሴት አፕ»። ክር ያልቃል፤ «ረን አውት ኦፍ»። ማሽን ይቆማል፤ «ብሬክ ዳውን»። መካኒኩ ከመንካቱ በፊት ማሽኑ ይጠፋል፤ «ሸት ዳውን» ወይም «ተርን ኦፍ»። ማንም ሳያውቅ እንዳያበራውም ይቆለፋል፤ «ሎክ አውት»። ይቺን የመጨረሻዋን አትዝለያት። የደህንነት ጥያቄ ከተነሳ «ሎክ አውት፣ ታግ አውት» የሚለው አሠራር ሊጠቀስ ይችላል፤ ኃይሉን ቆርጦ መቆለፍና ምልክት ማንጠልጠል ማለት ነው። ቀጥሎ የብልሽቱን ምክንያት ታጣሪያለሽ፤ «ፋይንድ አውት»። ችግሩን ትፈቺያለሽ፤ «ሶርት አውት»። የዕለቱን ቅጽ ትሞያለሽ፤ «ፊል ኢን» ወይም «ፊል አውት»፣ ለቅጽ ሁለቱም ይሄዳሉ። በመጨረሻ ለሚቀጥለው ሺፍት ታስረክቢና «ክሎክ አውት» ብለሽ ትወጫለሽ።

ማስረከብ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም «ሃንድ» ብዙ ሰው ያሳስታል። «ሃንድ ኢን» ለሚመለከተው አካል ማስገባት ነው፤ ሲቪ፣ ሪፖርት፣ የመልቀቂያ ደብዳቤ። «ሃንድ ኦቨር» ኃላፊነትን ወይም ዕቃን ማስረከብ ነው፤ ሺፍት፣ ቁልፍ፣ ላፕቶፕ። «ሃንድ አውት» ለብዙ ሰው ማደል ነው። «አይ ሃንድድ አውት ማይ ሲቪ» ካልሽ ሲቪሽን ፒያሳ ቆመሽ ለአላፊ አግዳሚው ስታድዪ ነው የምትታዪው። (ሥራ ፍለጋ አሁን አሁን ከዚያ ብዙም አይርቅም፣ ግን ለኢንተርቪው አይሆንም።)

አሁን ወደ ሰዋስው፤ አጭር ነው። «ማሽኑን አጠፋሁ» ለማለት «አይ ተርንድ ኦፍ ዘ ማሽን» ትያለሽ። «አይ ተርንድ ዘ ማሽን ኦፍ» ብትዪም ልክ ነው። «አጠፋሁት» ስትዪ ግን «ኢት» የግድ መሃል ትገባለች፤ «አይ ተርንድ ኢት ኦፍ»። «አይ ተርንድ ኦፍ ኢት» አይባልም። አማርኛ «ት»ን መጨረሻ ላይ ስለሚለጥፋት ጆሯችን ወደዚያ ይጎትተናል። «ሴት ኢት አፕ»፣ «ፊል ኢት ኢን»፣ «ሶርት ኢት አውት»፣ «ሃንድ ኢት ኦቨር» ሁሉም እንዲሁ ናቸው።

የማይነጣጠሉም አሉ። «ሉክ አፍተር»፣ ማለትም መንከባከብ፣ «ሉክ አፍተር ኢት» እንጂ «ሉክ ኢት አፍተር» አይሆንም። «ዲል ዊዝ»ም፣ ማለትም ችግርን ማስተናገድ፣ እንደዚሁ። ሦስት ቃል ያላቸውን አብዛኞቹን አትሰንጥቂ፤ «ካም አፕ ዊዝ ኢት»፣ «ረን አውት ኦፍ ኢት»፣ «ኪፕ አፕ ዊዝ ኢት»። የትኛው ይነጣጠላል፣ የትኛው አይነጣጠልም ብለሽ ከተጠራጠርሽ የኦክስፎርድን ወይም የሎንግማንን የተማሪዎች መዝገበ ቃላት ክፈቺ። በግሱና በትንሿ ቃል አጠገብ ባለሁለት ጫፍ ቀስት ካየሽ መነጣጠል ይቻላል።

«ብሬክ ዳውን» የራሱ ጣጣ አለው። እኛ «ማሽኑ ተበላሸ» ስለምንል ብዙ ተመራቂ «ዘ ማሽን ዋዝ ብሮክን ዳውን» ይላል። «ዋዝ» አያስፈልግም። «ዘ ማሽን ብሮክ ዳውን» ብለሽ ዝም በይ። «አይ ብሮክ ዳውን» ብትዪ ደግሞ ሰሚው የሚረዳው ማሽኑን እንዳበላሸሽ አይደለም፣ እንባ እንዳሸነፈሽ ነው። የሚለወጠው ግሱ ብቻ መሆኑንም ልብ በይ። ብሬክ ብሮክ ይሆናል፣ ቴክ ቱክ ይሆናል፤ ትንሿ ቃል ግን ንቅንቅ አትልም።

ስትሰሚ ጆሮሽን ወዴት ታዞሪያለሽ? ወደ ትንሿ ቃል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ «ተርን ኢት ኦፍ» ሲል ድምፁ የሚከብደው ብዙውን ጊዜ «ኦፍ» ላይ ነው። ስም ሲሆን ግን ክብደቱ ወደ ፊት ይመጣል፤ መካኒኮቻችን «ብሬክዳውን አለ» ሲሉ እንደሚጠሩት። እንዲያውም ስም የሆኑትን ብዙዎቹን ከልጅነትሽ ታውቂያቸዋለሽ። ሆስፒታል «ፎሎው አፕ አለኝ» ይባላል። «ቼክ አፕ»፣ «ፒክ አፕ»፣ «ሜክ አፕ»፣ «ፑሽ አፕ» እንላለን። ስልክሽ ላይ በየቀኑ «ሎግ ኢን» ታደርጊያለሽ። ዜሮ ላይ አይደለሽም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ፍሬዛል ቨርብ መማር የጀመረ ሰው ትንንሾቹን ቃላት በየቦታው መርጨት ይወዳል። «ኮፕ አፕ ዊዝ» እንግሊዝኛ አይደለም፤ «ኮፕ ዊዝ» ብቻ ነው፣ መቋቋም ማለት ነው። እኛ አገር ይህን ከተማሪም ከኃላፊም አፍ ትሰሚዋለሽ፣ አትከተያቸው። «ስለ ችግሩ ተወያየን» ከሚለው አማርኛ ተነስተን «ዲስከስድ አባውት ዘ ፕሮብለም» እንላለን፤ «አባውት» ይውጣ። «ሪተርን» በውስጡ መመለስ ስላለ «ሪተርን ባክ» ትርፍ ነው።

ፍሬዛል ቨርብ የሰፈር ቋንቋ ነው፣ ጽሑፍ ላይ አይገባም ሲሉሽ በከፊል ብቻ እመኚ። «ካሪ አውት» (ማከናወን) እና «ሴት አፕ» ሲቪ ላይ በኩራት ይቀመጣሉ። «ካሪድ አውት ኤ ታይም ስተዲ ኦን ኤ ሶዊንግ ላይን»፣ ማለትም በስፌት መስመር ላይ የሥራ ጊዜ ጥናት አካሄድኩ፣ ብትጽፊ ማንም አይነቅፍሽም። «ሜስ አፕ» (ማበላሸት) ግን ለጓደኛሽ ይቆይ።

ኮርሱን በተመለከተ፣ ደሴ ውስጥ ለሰርተፍኬት ብቻ ገንዘብ እንድታወጪ አልመክርም። አስተማሪው በክፍል ውስጥ የሚያናግርሽ ከሆነ ሂጂ። ቦርድ ላይ ጽፎ የሚያስገለብጥ ከሆነ ፒዲኤፉ በነጻ አለልሽ። «ቢቢሲ ለርኒንግ ኢንግሊሽ» በነጻ የሚያቀርባቸው አጫጭር ዝግጅቶች ለጆሮ ጥሩ ናቸው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ከዚያችው ፒዲኤፍ ላኪ ጓደኛሽ ጋር ተቀምጦ መጠያየቅ ነው። አንዷ የፋብሪካ ኃላፊ ትሁን፣ «ዋት ዱ ዩ ዱ ኢፍ ዩ ረን አውት ኦፍ ትሬድ?» (ክር ቢያልቅብሽ ምን ታደርጊያለሽ?) ትበል፤ ሌላዋ በራሷ እንግሊዝኛ ትመልስ። የሰማሽውን ቃል መልሰሽ መጠቀም ግዴታሽ አይደለም። ከገባሽና ከመለስሽ ሥራው ተሠርቷል።

ያም ሆኖ ኢንተርቪው ላይ የማታውቂው መምጣቱ አይቀርም። ያኔ አትገምቺ። «ሶሪ፣ ኩድ ዩ ሴይ ዛት ኢን አናዘር ዌይ?» በይ፤ በሌላ አነጋገር ይንገሩኝ ማለት ነው። በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክም ሆነ ሌላ ቦታ ከእስያ ወይም ከአውሮፓ የመጣ ኃላፊ ቢያጋጥምሽ፣ እንግሊዝኛ ለእሱም የትምህርት ቤት ቋንቋ ሊሆን ይችላል። ይድገሙልኝ መባል አይከብደውም። የጠየቀሽን ሳትረጂ የምትመልሺው መልስ ነው የሚያሳስበው፤ ነገ ላይኑ ላይ ትዕዛዝ ሲሰጥሽም እንደዚያው ታደርጊያለሽ ብሎ ይፈራል።

ደብዳቤሽን አይቼዋለሁ። ንጹሕ ነው፤ ሁለት ቦታ ብቻ ንኪው። መጀመሪያው ላይ «አፕላይ ዘ ፖዚሽን» ያልሽው «አፕላይ ፎር ዘ ፖዚሽን» ይሁን። መጨረሻው ላይ «አይ አም ሉኪንግ ፎርዋርድ ቱ ሂር ፍሮም ዩ» ብለሻል። «ሉክ ፎርዋርድ ቱ» ከኋላው «ኢንግ» ይፈልጋል፤ «ቱ ሂሪንግ ፍሮም ዩ»። ለደብዳቤ ደግሞ «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ» የሚለው «አይ አም ሉኪንግ» ከሚለው ይበልጥ ጨዋ ነው።

የዚያ ፋብሪካ ነገርም ገና አልተዘጋም። እስካሁን አልፈለግንሽም ካላሉሽ ዛሬውኑ አጭር ኢሜይል ላኪ። «አይ አም ራይቲንግ ቱ ፎሎው አፕ ኦን ማይ ኢንተርቪው» ብለሽ ጀምሪ፣ ከዚያ የፕሮጀክቱ ሐሳብ እንዴት እንደመጣልሽ በሦስት በአራት መስመር ጻፊላቸው። የጠየቁሽ እሱን ነበርና።