ደሙን መለካት፣ የምታለቅሰው አሻንጉሊትና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ እርግዝና፣ ስለ ወሊድና ስለ አፍላ ወጣቶች ጤና ናቸው። ደግነቱ በእነዚህ ጉዳዮች ላይ በግምት መልስ መስጠት አያስፈልግም። በሺዎች የሚቆጠሩ እናቶችና ወጣቶች የተሳተፉባቸው ጥናቶች አሉ። ስድስቱን ጥያቄዎች መርጫለሁ፤ ረዘም ያሉትን አሳጥሬያቸዋለሁ።

«ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ስትወልድ ብዙ ደም ፈሰሳት። አጠገቧ የነበሩት ባለሙያዎች ‹የተለመደ ነው› ሲሉ ቆዩና በኋላ ሩጫ ሆነ። ተመስገን፣ ተርፋለች። አሁን ሁለተኛውን አርግዛ ስድስት ወሯ ነው። እኔ ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ። ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ እንቅልፍ ማጣትህ አይገርመኝም። በዓለም ላይ እናቶችን ከሚገድሉ ምክንያቶች ግንባር ቀደሙ ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም ነው። ከጻፍከው ውስጥ ግን «የተለመደ ነው» የምትለዋ ላይ ቆምኩ። ብዙ ጊዜ ነገር የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው። ደም በዓይን አይገመትም።

ከፈለግክ ሞክረው። ግማሽ ሊትር ውሃ ውስጥ ቀይ ቀለም ጨምርና ወፍራም ፎጣ ላይ አፍስሰው። ከዚያ ስታፈስ ያላየ ሰው ጥራና «ስንት ይሆናል?» በለው። ፎጣው ይመጠዋል፣ ጠርዙ ላይ ይሰፋል፣ ከሥር የገባው አይታይም። ልምድ ያላት አዋላጅ እንኳ አንሶላ ላይ ያየችውን ደም ብዙ ጊዜ ከእውነቱ አሳንሳ ነው የምትገምተው። ስንፍና አይደለም፤ ዓይናችን ለዚህ ሥራ አልተሠራም።

ኢ-ሞቲቭ የተባለው ጥናት የተነሳው ከዚህ ነው። በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ በሚገኙ 80 ሆስፒታሎች ውስጥ ተካሂዶ ውጤቱ በ2023 ታተመ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከ200,000 በላይ ወላዶችን ያካተተ ነው። ዋናው መሣሪያ አንድ ፕላስቲክ ነው። ከወላዷ ሥር ይነጠፋል፤ ጫፉ እንደ ከረጢት ሆኖ ወደ ታች ይንጠለጠላል። ከረጢቱ ላይ የመለኪያ መስመሮች አሉ። ደሙ እዚያ ይጠራቀማል፣ አዋላጇ መስመሩን ታነባለች። 500 ሚሊ ሊትር ከደረሰ ክርክር የለም፤ ሁሉም ነገር በአንድ ላይ ይጀመራል። ማኅፀን በእጅ ይታሻል። ማኅፀንን የሚያኮማትር መድኃኒት፣ ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባለው ደም የሚያቆም መድኃኒት እና በደም ሥር የሚገባ ፈሳሽ ይሰጣል፤ ደሙ ከየት እንደሚመጣም ይፈተሻል። ቀድሞ ግን አንዱ ተሰጥቶ አልሠራ ሲል ነበር ወደ ሌላው የሚኬደው። በመሃል ጊዜው ይሄዳል።

ውጤቱን ሳነብ ደግሜ ነው ያየሁት። ከባድ የደም መፍሰስ፣ ደሙን ለማስቆም ሆድ መክፈት ወይም በደም መፍሰስ መሞት፣ ሦስቱ ተደምረው በ60 በመቶ ቀነሱ። በተለመደው አሠራር ከደሙት እናቶች ግማሽ ያህሉ ሳይታወቅላቸው ያልፍ ነበር፤ በአዲሱ ከ100 ውስጥ 93ቱ ታወቀላቸው።

ስለ ጊዜ ካነሳን አይቀር፣ በ2017 ውጤቱ የወጣ ሌላ ትልቅ ጥናት አለ። በ21 አገሮች 20,000 ያህል የሚደሙ እናቶች ተሳትፈውበታል። ትራኔክሳሚክ አሲድ ከወሊድ በኋላ በ3 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ በደም መፍሰስ የሚመጣውን ሞት በአንድ ሦስተኛ ገደማ ቀንሷል። ከ3 ሰዓት በኋላ ግን ጥቅም አልታየም።

እንግዲህ የአንተ ሥራ ይሄ ነው። በሚቀጥለው ክትትል አብረሃት ሂድና ያለፈው የደም መፍሰስ ካርዷ ላይ መጻፉን አይተህ አረጋግጥ። አንድ ጊዜ የደማች እናት እንደገና የመድማት ዕድሏ ከፍ ያለ ስለሆነ ደም መስጠት የሚቻልበት ቦታ መውለድ አለባት። የደም ማነስ እንዳለባት አስመርምሩ፤ ካለባት ከአሁኑ ይታከም። ከዚያ ሳታፍር አንድ ጥያቄ ጠይቅ፦ «ከወሊድ በኋላ ደሙን የምትለኩት በምንድን ነው?» ጥያቄው ቁጣ የለበትም፤ ግን ሰውን ያነቃል። በመጨረሻም የሚፈቀድ ከሆነ ምጥ ላይ አጠገቧ ሁን። ከ15,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉባቸው ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ፣ በምጥ ጊዜ ከጎኗ የማይለይ ሰው ያላት ሴት በራሷ የመውለድ ዕድሏ ይጨምራል፤ ምጡም ያጥራል።

«የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ምንም አላመመኝም፣ ጤነኛ ነኝ። እናቴ እኔን ስታረግዝ አንድም ቀን አልተመረመረችም። ለምንድን ነው ስምንት ጊዜ ነይ የሚሉኝ?»

እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። ለነገሩ የዓለም ጤና ድርጅትም ቀድሞ አራት ጊዜ ይበቃል ይል ነበር። ምክሩ የመጣው በ2001 ከታተመ በአርጀንቲና፣ በኩባ፣ በሳዑዲ ዓረቢያና በታይላንድ ከተደረገ ሰፊ ጥናት ነው። በኋላ የዚያው ጥናት መረጃ እንደገና ሲመረመር፣ ጥቂት ጊዜ የታዩት እናቶች ዘንድ በተለይ ከ32 እስከ 36ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ሆድ ውስጥ የሚሞቱ ሕፃናት በዝተው ተገኙ። ስለዚህ በ2016 ምክሩ ተቀየረ። አሁን ቢያንስ ስምንት ነው፤ አምስቱ ከ30ኛው ሳምንት ጀምሮ ያሉት ናቸው። መጨረሻው አካባቢ የሚደጋገመው ለዚህ ነው።

«አላመመኝም» ላልሽው ደግሞ፣ የእርግዝና ደም ግፊት ሲጀምር አያምም። ከፍ ማለቱን የሚያውቀው ክንድሽ ላይ የሚጠመጠመው መለኪያ ነው። ከተያዘ የሚደረግለት አለ። ተጋላጭ ለሆኑ እናቶች ገና በእርግዝናው መጀመሪያ ላይ በትንሽ መጠን የሚሰጥ አስፕሪን አለ፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ግን እንዳትጀምሪው። ከባድ ደረጃ ላይ ለደረሰች ደግሞ ማግኒዢየም ሰልፌት አለ። በ2002 የታተመ፣ በ33 አገሮች ከ10,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት መድኃኒቱ እናቲቱን የሚያንቀጠቅጠውን ኤክላምፕሲያ ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከጎድን አጥንትሽ ሥር ሕመም ወይም ድንገተኛ የፊት እብጠት ከመጣ ቀጠሮሽን አትጠብቂ። በዚያው ቀን ሂጂ።

«አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቻችን በልጅነታቸው እንዳያረግዙ፣ እንደ ሕፃን የሚያለቅስ አሻንጉሊት ለቀናት እንዲንከባከቡ የሚያደርግ ፕሮግራም ልናስጀምር ነው። ምን ይመስልዎታል?»

መምህር፣ ሐሳቡ ሲሰሙት ያሳምናል። አሻንጉሊቱ ሌሊት ያለቅሳል፣ ወተት ይፈልጋል፣ ዳይፐር ይቀየርልኝ ይላል። ልጅቷ ስትደክም «ይሄ ለእኔ ገና ነው» ትላለች ተብሎ ይታሰባል። እኔም መጀመሪያ ስሰማ ወድጄው ነበር።

ግን ተሞከረ። ምዕራብ አውስትራሊያ ውስጥ ትምህርት ቤቶች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ፕሮግራሙን ወሰዱ፣ ግማሾቹ የተለመደውን ትምህርት ቀጠሉ። ልጃገረዶቹን እስከ 20 ዓመታቸው ተከታተሏቸው። ውጤቱ በ2016 ሲወጣ፣ አሻንጉሊቱን የተንከባከቡት ልጆች ከሌሎቹ በላይ አርግዘው ተገኙ። ከእነሱ 8 በመቶ ያህሉ ወልደዋል፤ ከሌሎቹ የወለዱት 4 በመቶ ያህሉ ናቸው።

ለምን? ጥናቱ ራሱ ምክንያቱን አይነግረንም። የእኔን ግምት ልንገርዎት። አሻንጉሊት የያዘች ልጅ ሁሉም ይሰበሰቡባታል። ስም ታወጣለታለች፣ ጓደኞቿ «እስቲ ልያዘው» ይሏታል። ለአንዳንዷ በሕይወቷ ብዙ ትኩረት ያገኘችበት ሳምንት ይሆናል። ከዚያ አሻንጉሊቱ ይመለሳል። እውነተኛ ልጅ እንደማይመለስ እሱ አያስተምርም።

ስለዚህ ገንዘቡን ለዚህ አያውጡት ብዬ እለምንዎታለሁ። ሴት ልጅን ትምህርት ቤት የሚያቆይ ነገር ላይ ያውሉት። ማላዊ ውስጥ ዞምባ በተባለ አካባቢ ለልጃገረዶችና ለቤተሰቦቻቸው ገንዘብ የሚሰጥ ሙከራ ነበር። ለአንዱ ቡድን «ትምህርት ቤት ከመጣሽ» በሚል ግዴታ፣ ለሌላው ያለ ምንም ግዴታ ተሰጠ። ግዴታው ልጆቹን ክፍል ውስጥ በማቆየት የተሻለ ሆነ። ያለ ግዴታ የተሰጠው ግን በልጅነት ማግባትንና ማርገዝን ቀነሰ፤ ምክንያቱም ትምህርት ላቋረጡትም ደረሰ። ይሄ ከልቤ የገባ ውጤት ነው። ግዴታ ስናስቀምጥ እርዳታውን የምንነጥቀው ቀድማ ከወደቀችው ልጅ ነው። ክፍያው ሲቆም ከጥቅሙ ብዙው አብሮ መጥፋቱንም ልብ ይበሉ።

«ልጄ 13 ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት ስለ ወሲብና ስለ እርግዝና መከላከያ ሊያስተምሯቸው ነው። ዓይኗን ይከፍቱባታል ብዬ ፈራሁ።»

ፍርሃትዎ ከፍቅር ነው፤ ይገባኛል። ግን በብዙ አገሮች ተጠንቷል። ዩኔስኮ በ2018 የተሰበሰቡትን ጥናቶች መርምሮ ያወጣው መመሪያ፣ ስለ ወሲብ የተሟላ ትምህርት ያገኙ ወጣቶች ወሲብ ቀድመው እንደማይጀምሩ ይናገራል። ከጀመሩ ደግሞ ራሳቸውን የመጠበቅ ዕድላቸው ይጨምራል። «ከጋብቻ በፊት አታድርጉ» ብቻ የሚሉ ፕሮግራሞች ግን ውጤት አልታየባቸውም። እሷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ «ዛሬ ምን ተማራችሁ?» ብለው ይጠይቋትና ሳይቆጡ ይስሟት።

እግረ መንገዴን፣ በዚህ ዕድሜዋ የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ካልወሰደች ያስወስዷት። ድሮ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ለዕድሜዋ አንድ ጊዜም ይበቃል ብሏል። እንግሊዝ ውስጥ በ12 እና በ13 ዓመታቸው የተከተቡት ሴቶች ዘንድ ይህ ካንሰር በ87 በመቶ ቀንሷል።

«እህቴ ከወለደች ሁለት ወሯ ነው። ልጁን ታጠባለች፣ ታጥበዋለች፣ ግን ፊቷ ባዶ ነው። ‹ያልፍላታል› ይሉኛል።»

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆድ መባስ ያልፋል። ሁለት ወር የቆየ ግን የድኅረ ወሊድ ድባቴ ሊሆን ይችላል፤ ይታከማል። ደስ የሚለው፣ የሚያክማት የግድ የሥነ አእምሮ ሐኪም መሆን የለበትም። ገጠር ፓኪስታን ውስጥ ቤት ለቤት የሚዞሩ የጤና ሠራተኞች አጭር ሥልጠና ወስደው እናቶችን በተከታታይ እየጎበኙ አነጋገሩ። ውጤቱ በ2008 ታተመ። ከስድስት ወር በኋላ ድባቴው ያልለቀቃቸው ከታከሙት 23 በመቶ ነበሩ፤ ከሌሎቹ 53 በመቶ።

አንቺ ዛሬ ልጁን ተቀበያትና ትተኛ። ከዚያ ብቻችሁን ስትሆኑ «ራስሽን መጉዳት አስበሽ ታውቂያለሽ?» ብለሽ በግልጽ ጠይቂያት። መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም። «አዎ» ካለች ብቻዋን አትተያት፤ አሁኑኑ ወደ ሕክምና ውሰጃት።

«ነፍሰ ጡር ነኝ። ጥናት ውስጥ ግቢ አሉኝ። ልጄን መሞከሪያ ላደርገው ነው?»

ፍርሃትሽን አልንቀውም። መልሱ ያለው ጥያቄዎችሽ ላይ ነው። የሚሞከረው ምንድን ነው? እኔ ባልገባ ምን ሕክምና አገኛለሁ? መሃል ላይ ልተወው ብል ሕክምናዬ ይቋረጣል? አንድ ነገር ቢደርስብኝ ማን ያክመኛል? ጥናቱን የፈቀደው የሥነ ምግባር ኮሚቴ የትኛው ነው? እነዚህን በሚገባሽ ቋንቋ፣ ሳይሰለች የሚመልስልሽ ሰው ካለ ደግ ነው። «ዝም ብለሽ ፈርሚ» ካለሽ ተነስተሽ ውጪ። እምቢ ማለት መብትሽ ነው፤ ክትትልሽም በዚህ ሊቀር አይችልም። ወረቀቱን ቤት ይዘሽ ሂጂና ከምታምኚው ሰው ጋር አንብቢው።