አሮጌውን መጋዘን አታሽሞንሙኑት

ልጆቼ፣ በአቃቂ በኩል ካሉት አሮጌ መጋዘኖች አንዱን የቀይ ሽብር መታሰቢያ ልታደርጉት እንዳሰባችሁ ሰማሁ። ደስ ብሎኛል። ዕድሜዬን ያረጀ ቤት ስጠግን ስለኖርኩ ጥቂት ልበላችሁ።

ባቡሩ አቃቂ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1915 ነው፤ አዲስ አበባ የገባው ከሁለት ዓመት በኋላ። ከጅቡቲ የሚመጣው ዕቃ ማረፊያ ይፈልግ ነበር። ፋብሪካውም መጋዘኑም እያደር ሐዲዱን ተከትሎ መጣ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ደግሞ፣ በቀይ ሽብር ጊዜ፣ የቀበሌና የከፍተኛ (ከቀበሌ በላይ የነበረው አስተዳደር) ግቢዎች እስር ቤት ሆነው ነበር። የእናንተ መጋዘን እህል ብቻ ይሁን ሰውም ያደረበት፣ እርሳስ ከማንሳታችሁ በፊት አጣሩ። ጫኝና አውራጅ የነበሩትን ጠይቁ። ዘበኛውን ጠይቁ። ጎረቤት ያሉትን እናቶች ቡና ላይ ጠይቁ፣ ግን ለየብቻ። አብረው ሲሆኑ አንዱ የተናገረውን ሌላው ይደግማል። ቃላቸው ከተለያየ ልዩነቱንም ጻፉት።

ግድግዳውን አታጥቡ፣ ቀለምም አትቀቡ። በሚስማር የተጫረ ስም ካለ ለማጥፋት አንድ ባልዲ ውሃና አንድ ብሩሽ ይበቃል። መጀመሪያ እያንዳንዱን ክንድ ግድግዳ ፎቶ አንሱ።

መሬቱም ቀላል አይደለም። ያ አካባቢ ዋልካ ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ቤቱም አብሮት ይንቀሳቀሳል። ስንጥቁ ላይ ጂፕሰም ለጥፋችሁ ቀኑን ጻፉበት፤ ክረምትና በጋ ሲፈራረቅ ተከታተሉት። ጂፕሰሙ ከተሰበረ ቤቱ አሁንም እየሄደ ነው። ከሁሉ በፊት አሸንዳውን አስተካክሉና የጣሪያውን ውሃ ከመሠረቱ አርቁ። በጭቃ ወይም በኖራ የተገነባ ድንጋይ ላይ ደግሞ ሲሚንቶ አትለስኑ። እርጥበቱ መውጫ ያጣና ልስኑ የድንጋዩን ፊት ይዞ ይወድቃል። ኮንትራክተሩ «ያምራል» ይላችኋል። እንዳትሰሙት!

በጣሊያን፣ ትሪየስቴ ከተማ፣ ሪዚዬራ ዲ ሳን ሳባ የሚባል የሩዝ መፈልፈያ ነበር። ናዚዎች እስር ቤትና መግደያ አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ1945 ሲሸሹ አስከሬን ማቃጠያውን በፈንጂ አፈረሱት። እ.ኤ.አ. በ1975 የተከፈተውን ሙዚየም የነደፈው አርክቴክት ሮማኖ ቦይኮ ማቃጠያውን መልሶ አልገነባም። የቆመበትን ስፍራ መሬቱ ላይ በብረት ንጣፍ አመለከተና ተወው። እኔ ብሆን ያን ያህል እችል እንደሆነ እንጃ። እጅ ያሳክካል።

ወደኛ ስንመለስ፣ ወደዚያ ግቢ የሚመጣው ጎብኚ ብቻ አይደለም። አስከሬን ሳያገኝ ለቅሶ የተቀመጠ ቤተሰብ ይመጣል። ጥላና መቀመጫ ይፈልጋል። አንዱ ጧፍ ያበራል፣ ሌላው ዱዓ ያደርጋል፤ ለሁለቱም ቦታ ይኑር። ሽንት ቤትም አትርሱ። አትሳቁ፣ ብዙዎቹ ሽማግሌዎች ናቸው። ስም ስትጽፉ እስከ አያት ጻፉ። «ኃይሉ» በየትኛው «ሀ» እንደሚጻፍ ቤተሰቡን ጠይቁ። ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ባዶ ድንጋይ ተዉ፤ ዘግይቶ የሚመጣ ስም አይጠፋም።

መስቀል አደባባይ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ሄዳችሁ እዩት። በ2002 ዓ.ም. ነው የተከፈተው። ራሳቸው ታስረው የነበሩ ሰዎች ያስጎበኙበታል። ያንን የትኛውም ሰሌዳ አይተካውም። እናንተም የምታገኟቸውን አሁኑኑ ቅረጹ፤ ዕድሜ አይጠብቅም።

የፈቃዱን ነገር ታውቁታላችሁ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ፤ ቅርስ ባለሥልጣን ሳይፈቅድ የተመዘገበ ቅርስ አይነካም። ቤቱ ካልተመዘገበም ቀድማችሁ አስመዝግቡት።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ረጂ ሪባን መቁረጥ ይወዳል። ዋልካው ግን በየክረምቱ ያብጣል። ከመፈራረማችሁ በፊት በአምስተኛው ዓመት አሸንዳውን የሚጠርገውን ሰው ደሞዝ ማን እንደሚከፍል ጠይቁት፤ መልሱንም ውሉ ላይ አስገቡት።