ከነገድ ክርክር በፊት

ልጆቼ፣

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ጡረተኛ ነኝ። እዚህ እስራኤል የተወለዱ የቤተ እስራኤል፣ የኢትዮጵያ አይሁድ፣ ልጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ «እውነት ከአሥራ ሁለቱ የእስራኤል ነገዶች ከአንዱ፣ ከዳን ነገድ ነን?» ብለው ነው። ጥያቄው እንዲሁ የመጣ አይደለም። የእስራኤል የሴፋርዲ ዋና ረቢ የነበሩት ኦቫድያ ዮሴፍ በ1973 (እ.ኤ.አ.) አይሁድነታችንን ሲያጸኑ በዚሁ በዳን ትውፊት ላይ ቆመው ነው፤ በ1975ም መንግሥት አይሁድ ወደ እስራኤል መጥተው እንዲኖሩ የሚፈቅደው የመመለስ ሕግ እኛንም እንደሚመለከት ወሰነ። ለወላጆቻችሁ የመግቢያ በር ነበር። እናንተ ግን ገብታችኋል፤ ዕድሜያችሁን በዘር ቆጠራ አትጨርሱት። ይልቅ የግዕዝ መጻሕፍታችንን አንብቡ።

«ሞተ ሙሴ» ላይ ሙሴ የሚሞተው ዓርብ ቀን መሆኑን ስለሚያውቅ፣ ዓርብ በመጣ ቁጥር ከፈኑን ለብሶ ይጠብቃል። ቀኑ ሲደርስ የሚያስለቅሰው የልጆቹ ነገር ነው፤ ለማን ጥሏቸው ይሂድ? እግዚአብሔር ባሕሩን በበትሩ እንዲመታ ያዘዋል። ድንጋይ ይወጣል፣ ድንጋዩም ተሰንጥቆ ትል ይታያል፤ ትሉ እስከዚያች ቀን ያልረሳውን አምላክ ያመሰግናል። ኦሪት ዘዳግም የሙሴን ሞት በጥቂት ቁጥሮች ይዘጋዋል። ግዕዙ ግን ሕግ ሰጪውን ሰው፣ ያውም ሆዱ የሚባባ አባት ያደርገዋል። ወደ እስራኤል ለመድረስ ልጆቹን ይዞ በሱዳን በረሃ ላለፈ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

«ትእዛዘ ሰንበት»ንም አትለፉት። እዚያ ሰንበት የእግዚአብሔር ልጅ ናት፤ በመላእክት ታጅባ ትወርዳለች፣ ለኃጢአተኞችም ትማልዳለች። ዓርብ ማታ በየምኩራቡ የሚዘመረው፣ ሽሎሞ አልካቤጽ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በገሊላዋ ከተማ በጸፋት የደረሰው መዝሙር ደግሞ ሰንበትን እንደ ሙሽራ ይቀበላታል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩ። ከግዕዝ መጻሕፍታችን ኩፋሌንና ሄኖክን የመሳሰሉትን ከኢትዮጵያ ክርስቲያኖች ጋር እንጋራለን። ይህን እንደ ነውር የሚያነሳ አይጠፋም፤ እኔ ግን ጉርብትና እንጂ ነውር አይታየኝም።

ስለ በዓላት፦ ጎንደር ሐኑካ፣ ሻማ የሚበራበት የአይሁድ በዓል፣ አልነበረም። ከልጅ ልጆቼ ጋር ሻማውን ደስ ብሎኝ አበራለሁ፤ ነገር ግን «የጎደላችሁ በዓል» ሲሉኝ አልወድም። እኛስ ስግድ ነበረን አይደል? ከአስተስርዮ (ዮም ኪፑር) በኋላ በ50ኛው ቀን ጾሞ፣ ታጥቦ፣ ተራራ ወጥቶ፣ ኢየሩሳሌምን ማሰብ። ከ2008 ጀምሮ የመንግሥት በዓል ሆኗል፤ ንግግሩና ፎቶውም በዝቷል።

ለስግድ ኢየሩሳሌም ወዳለው አርሞን ሃናጺቭ የምትሄዱ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ለዳቦው ብቻ አትድረሱ። በጠዋት ጾማችሁ ሂዱና ከቄሶቹ፣ ከቤተ እስራኤል ካህናት፣ አጠገብ ቁሙ። ከነህምያ ሲነበብ ዕብራይስጡን በስልካችሁ ከፍታችሁ ተከተሉ፤ ያልገባችሁን ቦታ ምልክት አድርጉበት። ጸሎቱ ሲያበቃ ቄሱን ጠይቁ። ግዕዙን የሚያውቁት እያረጁ ስለሆነ፣ ከፈቀዱላችሁ ድምፃቸውን ቅዱ።

ስታነጋግሯቸውም «አንቱ» በሉ።